ሸክም የማያውቅ ጋሪ

— እስቲ ልጠይቅህ፤ ይሄ ሁሉ መጋዝ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ኮላ ለምንድን ነው?

— ለጋሪ። አትክልት ተራ ፒያሳ ሳለ ብርቱካንና ሙዝ ተጭኖበት ሽቅብ ቁልቁል ይገፋ የነበረውን የእንጨት ጋሪ በትንሹ እየሠራሁት ነው። በ1 ለ 10።

— በ1 ለ 10 ስትል?

— ዋናው ጋሪ 1 ሜትር ከ60 ከረዘመ የኔው 16 ሳንቲ ሜትር ነው። ወርዱ 90 ከሆነ 9። የውጭ ሞዴል ሠሪዎች 1 ለ 12 ይወዳሉ፤ በፉትና በኢንች ስለሚለኩ አንዱ ፉት አንድ ኢንች ይሆንላቸዋል። የኛ አናጺ የሚይዘው ሜትር ነው፤ ለ10 ማካፈል ይቀላል።

— ሂሳቡስ ይሁን። ግን ጋሪ መንገድ ሙሉ አይደለም እንዴ? ከቤትህ ወጥተህ ብዙ ሳትራመድ አቮካዶ የጫነ ታገኛለህ። በቁሙ ላለ ነገር ሐውልት ማቆም ምን ይባላል?

— የምታይው ጋሪ ሌላ ነው። ያሁኑ አብዛኛው ብረት ነው፤ በያጁ ቱቦላሬ ቆርጦ፣ ላሜራ ለጥፎ ያስረክባል። የድሮው የአናጺ ሥራ ነው፤ አካሉ ሞራሌ፣ ወለሉ ጣውላ፣ እግሩ ባህር ዛፍ። ደግሞም መንገዱ ራሱ ተቆርጦበታል። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት መጀመሪያ ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄደ። ፒያሳ ሳለ አንድ ሰው ማለዳ በጅምላ ገዝቶ፣ ጭኖ፣ ፀሐይ ሳይከር አራት ኪሎ ገፍቶ ይደርሳል። ከሃይሌ ጋርመንት አራት ኪሎ ድረስ የሚገፋ ጉልበት ግን የለም፤ አይሱዙ ያምጣው። በ2016 ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ብዙ የፒያሳን ሰፈር ሲያነሳ እነዚያ ጋሪዎች ይቆሙባቸው የነበሩት ጥጋጥጎች አብረው ሄዱ። የተረፈው የእንጨት ጋሪ ማገዶ እየሆነ ነው።

— ታዲያ ፎቶ አንሳዋ። ስልክህ ኪስህ ውስጥ ነው።

— ፎቶማ አለኝ። ፎቶ የጋሪውን መልክ ያሳየኛል እንጂ አሠራሩን አይነግረኝም። ሆዱ ስር ምን አለ? እግሩ ከወለሉ ጋር በሚስማር ብቻ ነው የተያያዘው ወይስ ሞራሌው ተቦርቡሮ ገብቶበታል? ዘንጉን የያዘው ብሎን ነው ወይስ የታጠፈ ፌሮ? ፎቶ ሳይ እነዚህን ጥያቄዎች ዘልያቸው አልፋለሁ፤ ስሠራ ግን አንዱን ሳልመልስ ወደሚቀጥለው እንጨት መሄድ አልችልም።

— ጋሪ ነው እኮ፤ የላሊበላ ውቅር አይደለም። ሁለት ጎማ፣ አንድ ጠፍጣፋ ወለል፣ ሁለት እጀታ። ምን የሚያመራምር ነገር አለው?

— ዘንጉ የት ጋ እንደሚውል ንገሪኝ እስቲ። ከወለሉ እኩሌታ ላይ?

— መሃል ነዋ።

— መሃል ካዋልሽው ጋሪው ሚዛኑን ጠብቆ ይቆምና አንዲት ሴትዮ ከወዲያኛው ጫፍ ሁለት ኪሎ ብርቱካን መርጣ ባነሳች ቁጥር ወደ ገፊው ያዘነብላል፤ ከወዲህ ካነሳች ደግሞ በአፍንጫው ይደፋል። ስለዚህ አናጺው ዘንጉን ትንሽ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ክብደቱ ወደ ገፊው እንዲያደላና ሲቆም በእግሮቹ ላይ እንዲያርፍ። ግን ምን ያህል ወደ ፊት? ጋሪና ጭነት አንድ ላይ 150 ኪሎ ነው እንበል። እጀታው ከዘንጉ 1 ሜትር ከ20 ይርቃል። የክብደቱ መሃል ከዘንጉ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ገፊው ካደላ፣ ሰውየው ሊነሳ ሲል እጁ ላይ የሚያርፈው 12 ኪሎ ተኩል ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ካደላ 25 ኪሎ። በአንድ ጋት ልዩነት ሰውየው ቀኑን ሙሉ የሚያነሳው እጥፍ ይሆናል። ያ አናጺ ይሄን ወረቀት ላይ አላሰላውም፤ በእጁ ያውቀው ነበር። ይህ እውቀት አሁን ያለው የቆመው ጋሪ ላይ ብቻ ነው። ጋሪው ሲፈለጥ እሱም ይፈለጣል።

— እሺ፣ ይሄ ያስኬዳል። ግን እንግዲህ የራስህን ሂሳብ ልመልስልህ። ርዝመቱን ለ10 አካፈልክ፤ ወርዱንም፤ ከፍታውንም። ክብደቱስ?

— ክብደቱማ ለ1000 ይካፈላል። 10 በ10 በ10።

— ስለዚህ 150 ኪሎው 150 ግራም ሆነ። አንድ ብርጭቆ ውሃ አያክልም። አየህ? ጋሪ ማለት ሸክም ማለት ነው። ከለገሃር ተነስቶ ቸርችልን ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚገፋ ሰው ጋሪውን የሚያውቀው በመልኩ አይደለም፤ በወገቡ ነው። አንተ መልኩን ጠብቀህ ሸክሙን ጣልከው። በአንድ ጣት የሚነዳ ጋሪ የምን ጋሪ ነው? እግሩ በሚስማር ቢያዝ ባይያዝ፣ በኮላ ብቻ ብትለጥፈው እንኳ ይቆማል። ዋናው ጋሪ የሚሰበርበት ቦታ ላይ ያንተው አይሰበርም። የሞዴልህ ትልቁ ውሸት ይሄ ነው።

— ክብደቱ እንደሚጠፋ እቀበላለሁ። ድርሻው ግን አይጠፋም። ጭነቱን በልኩ ከጫንኩት እጀታውን የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሳሳርፈው 12 ግራም ተኩል ያሳየኛል። ከ150ው አንድ አሥራ ሁለተኛ፤ ልክ እንደ ዋናው። ዘንጉን በ1 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ባዛውረው፣ እጀታውም በዚያው ልክ ስለሚርቅ፣ 23 ገደማ ይላል። ሸክሙን አይሸከምም፤ እንዴት እንደሚከፋፈል ግን ያስረዳል።

— 12 ግራም ያመመው ወገብ አላየሁም።

— እኔም። ለዚህ ነው ቁጥሩን አብሬ የምጽፈው።

— ቁጥሩን ከጻፍክማ ጋሪው ለምን አስፈለገ? በል ይሁን፤ ጭነቱን ከምን ልትሠራው ነው? ከፕላስቲክ?

— ከሽምብራ። ብርቱካን ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለ10 ሲካፈል ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር፤ ሽምብራ ማለት ነው። ቀለም ተቀብቶ ሲከመር፣ ያቺ የሽምብራ ቁንጥጫ የመሰለች ጫፏ ሳትቀር የብርቱካኑን እንብርት ትሆናለች። ነቀዝ እንዳይበላብኝ ብቻ አስቀድሜ ምድጃ ውስጥ አደርቀዋለሁ።

— ብርቱካንህን ነቀዝ ሲበላው ባየሁ!

— ያስቃል፣ አውቃለሁ። የሚያስቸግረው ግን ፍሬው አይደለም። የሚያስቸግረው ሸራው ነው። የዝናብ ሸራ በ1 ለ 10 ስትሠሪው እንደ ሲጋራ ወረቀት መቅጠን አለበት። ጨርቅ ከሆነ ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ እጥፋቱ የትልቅ ጨርቅ እጥፋት አይመስልም። ሶፍት በቀጠነ ኮላ ነክሮ ጭነቱ ላይ ማልበስ ነው የሚሻለው። የእንጨቱም እንዲሁ ነው፤ የባህር ዛፍ ጭረት በዋናው ጣውላ ላይ ቀጭን መስመር ነው፤ በ2 ሚሊ ሜትር ጣውላዬ ላይ ግን ያው ጭረት እንደ ስንጥቅ ይታያል። ተፈጥሮ ለ10 አይካፈልም። ስለዚህ ባህር ዛፍን ለማስመሰል ባህር ዛፍ ያልሆነ፣ ጭረቱ የማይታይ እንጨት እፈልጋለሁ።

— ስማ ራስህን። እውነተኛውን ለመምሰል ከእውነተኛው ውጪ ያለውን ሁሉ ትሰበስባለህ። ብርቱካኑ ሽምብራ፣ ባህር ዛፉ ሌላ እንጨት፣ ሸራው ሶፍት።

— ጎማው ነጠላ ጫማ። እሱን ረሳሽው።

— ቀልዱን ተወውና ስማኝ። ከመጀመሪያው የከነከነኝ ሌላ ነው። ይሄ ነገር ሲያልቅ የት ይቀመጣል? መደርደሪያ ላይ። የማን መደርደሪያ? ገፍቶ የማያውቅ ሰው መደርደሪያ ላይ። ሜሪላንድ ወይም ስቶክሆልም ያለ ዘመዳችን ቤት፣ ከመሶቡና ከጀበናው አጠገብ፣ «የአገሬ ትዝታ» ተብሎ። እንግዳ ሲመጣ «እንዴት ታምራለች!» ይባልላታል። ላይዋ ላይ ላብ የለም፣ የበሰበሰ ቲማቲም የለም፣ ደንብ አስከባሪ አያባርራትም። ድህነት ሲያንስ ያምራል። አንተ እያሳነስክ እያሳመርከው ነው።

— ማሳነስ ማሳመር ነው ያለው ማን ነው? በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ፍራንሰስ ግሌስነር ሊ የምትባል አሜሪካዊት ሰው ሞቶ የተገኘባቸውን ክፍሎች በ1 ለ 12 ትሠራ ነበር፤ መርማሪ ፖሊሶች እንዲሠለጥኑባቸው። ካልሲውን በመርፌ ነው የሠራችው። የተቃጠለ አልጋ፣ የደም ነጠብጣብ፣ የድሃ ቤት ግድግዳ ላይ ያለ እድፍ፤ ሁሉ አለ። አንዱም አያምርም።

— ጥሩ ምሳሌ አመጣህ፤ ግን ለኔ ነው የሚመሰክረው። የሷ ተመልካች ሥራ ይዞ ነው የሚቀርበው። «እዚህ ምን ሆነ?» ተብሎ ተጠይቋል። ያንተ ተመልካች ምን ተጠይቋል? ቡናውን እየጠጣ ያያል። ልዩነቱ ሞዴሉ ላይ አይደለም፤ ቆሞ በሚያየው ሰው ላይ ነው።

— ተመልካቹ ዛሬ ላይኖር ይችላል። በ1920 እ.ኤ.አ. የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ቡድን፣ በኸርበርት ዊንሎክ መሪነት፣ ግብፅ ውስጥ ሜኬትሬ የሚባል የቤተ መንግሥት ሹም መቃብር ውስጥ የተዘጋ ትንሽ ክፍል አገኘ። ከክርስቶስ ልደት 2000 ዓመት ገደማ በፊት የተዘጋ ነው። ውስጡ በሙሉ ሞዴል ነበር። ዳቦ ቤት፣ የእህል ጎተራ፣ ከብት የሚቆጠርበት አጥር ግቢ፣ ሸማኔዎች፣ የአናጺዎች ቤት። የአናጺዎቹ ሣጥን ውስጥ ትንሽዬ መጋዝ ሳትቀር ተቀምጣለች። የዚያን ዘመን ነገሥታት ሐውልት ሞልቷል፤ እንጨት እንዴት ታስሮ እንደሚሰነጠቅ፣ ሊጥ የት እንደሚቦካ፣ እህሉን እየሰፈረ የሚጽፈው ሰው የት እንደሚቀመጥ በዓይን የሚያሳዩን ግን እነዚህ ናቸው። አሁን እኩሌታው ካይሮ፣ እኩሌታው ኒው ዮርክ ነው ያለው። እነዚያ አናጺዎች አንድም መጽሐፍ አልጻፉም።

— ስማቸውስ?

— የማን?

— የአናጺዎቹ። የሸማኔዎቹ። ሊጡን ያቦካችው ሴት። ስማቸው ማን ነበር?

— አይታወቅም።

— ሜኬትሬ ግን ይታወቃል። እነዚያ ሞዴሎች የተሠሩት ድካማቸው እንዲታወስ አይደለም፤ ጌታው ከሞተ በኋላም ዳቦ እንዳያጣ ነው። በሕይወት ሳሉ ያገለገሉት አልበቃ ብሎ በመቃብርም ያገልግሉት ተባለ፤ ያውም በእንጨት። መልኩ ቀረ፣ እነሱ ጠፉ። እና አንተ ይሄን ለመከራከሪያ ታመጣዋለህ!

— ያሠራው ሰው ፍላጎት አብሮት ተቀበረ፤ ዕቃው ግን ከፍላጎቱ በላይ ተናገረ። እኔ የምለው ይሄን ነው። ለጌታ ምግብ ተብሎ የተሠራው ዳቦ ቤት ዛሬ የሚመግበው የሠራተኛ ታሪክ የሚያጠናውን ነው።

— ከአራት ሺህ ዓመት በኋላ! ቸርችል ላይ ያለው ሰውዬ ግን ማታ ራት ይፈልጋል።

— ራቱን ሞዴል ይስጠው አላልኩም። አንቺም ደግሞ ሞዴል ሥራን የሀብታም ጨዋታ አድርገሽ አትዪው። እኛ አገር ይሄን ሙያ የያዘው ማን ነው? ከሽቦ ላንድ ክሩዘር የሚሠራ የሰፈር ልጅ አይደለም? መሪ ሳይቀር፣ በረጅም ሽቦ ቆሞ እየነዳ የሚሄደው። ጎማውን ከነጠላ ጫማ መቁረጥን እኔ የተማርኩት ከነሱ ነው።

— ልጁ ሠርቶ ይነዳዋል። ጭቃ ያስገባዋል፣ ይጎትተዋል፣ ሲሰበር ሽቦውን አቃንቶ ሌላ ይሠራበታል። አንተ ሠርተህ መስታወት ትከድንበታለህ። የሱ መጫወቻ ነው፤ ያንተ ግን አይነኬ ነው። እንዲያውም ልንገርህ፤ ከሁሉም የሚያናድደኝ እሱ ነው። ጋሪ እኮ የሚነካ ነገር ነው። ሴቲቱ አቮካዶውን ጫን ጫን አድርጋ በስሎ እንደሆነ ታያለች፤ ባለጋሪው «እመቤት፣ እየጨመቅሽ አታበላሺብኝ» ይላል፤ ይጣላሉ፤ ይስማማሉ፤ ሁለት ፍሬ ይመረቅላታል። ጋሪው ያለዚህ ምንድን ነው? የእንጨት ገበታ።

— እሱን መሥራት አልችልም፤ አልሞክርም። ሰውም አላስቀምጥበትም። ሞዴል ላይ ሰው ስታቆሚ አሻንጉሊት ይሆናል። የገፊውን ምልክት ግን አስቀምጣለሁ። የለካሁት ጋሪ እጀታ ላይ ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ የተጠመጠመ ላስቲክ አለ፤ ላስቲኩ በቀኝ በኩል ከግራው ይበልጥ ሳስቷል። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ፣ ለካ ሰውየው በግራው ሚዛን ስለሚይዝ ጋሪው ሲንሸራተት የሚያቆመው በቀኝ እጁ ብቻ ነው። ወለሉ ላይ ደግሞ በአንድ ጥግ ጣውላው ጠቁሯል፤ ፍራፍሬው ላይ ውሃ ሲረጭ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ ጋሪው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ መንገድ ዳር ይቆም ነበር ማለት ነው። ጎማው ስር የሚገባው የድንጋይ ታኮ ከጋሪው ጋር በገመድ ታስሯል፤ ሲያባርሩት ድንጋይ ለመፈለግ ጊዜ ስለሌለው። ይሄን ሁሉ በልኩ እሠራዋለሁ። አዲስ ጋሪ አይደለም የምሠራው፤ ያንን ጋሪ ነው።

— ይሄንን ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ ግማሹን ክርክር እናልፈው ነበር። አሁን የመጨረሻውን ልጠይቅህ። ያንን ጋሪ ስትለካ ሰውየው ምን ያደርግ ነበር?

— ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

— እየሸጠ?

— አይ፤ ጭነቱን ካላወረደ ሆዱ ስር መግባት አይቻልም።

— እህ። ስለዚህ አንተ ስትለካ እሱ አልሸጠም። ልኩ የሱ፣ ያስለካው ጊዜ የሱ፣ የላስቲኩም መሳሳት የእጁ። ጋሪውንም ያዋቀረው አናጺ አለ። ሞዴሉ ሲያልቅ ስር የሚጻፈው ስም የማን ነው? ያንተ። ይሄ ነው ከሜኬትሬ የማይለይህ።

— ስም እጽፋለሁ፤ ከፈቀዱ። ለጊዜውም ይከፈላል፤ የጠፋ ገበያ የጠፋ ገበያ ነው። ግን አንድ ነገር ተይልኝ፤ ለነሱ ምንም አይጠቅምም አትበዪ። ከተማው ለጎዳና ነጋዴ የሚሆን አንድ ዓይነት ጋሪና መሸጫ ሲያስብ ንድፉን የሚሥለው ማን ነው? ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። እጀታው ስንት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ዘንጉ የት ይዋል፣ ውሃው ወዴት ይፍሰስ፣ ታኮው የት ይቀመጥ፤ ገፍቶ የማያውቅ ሰው እነዚህን በግምት ይሞላቸዋል። ጠረጴዛው ላይ ይሄን ጋሪ ባስቀምጥለትና እጀታውን ሚዛን ላይ አሳርፌ ዘንጉን ወዲያና ወዲህ ባንቀሳቅስለት ያየዋል። አንቺ «ተመልካቹ ምን ተጠይቋል?» አልሽኝ፤ ይሄውልሽ ጥያቄው።

— አሁን ገና ወደ ቁም ነገር መጣህ። ግን ዘንጉ እንዲንቀሳቀስ አድርገህ ነው የሠራኸው?

— በኮላ አልለጠፍኩትም። ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ ከክብደቱ መሃል 1 ሳንቲ ሜትር፣ አንዱ 2።

— መስታወቱስ?

— ንድፍ ለሚሠራ ሰው ከሆነ መስታወት አያስፈልገውም። ይነካው።

— ይሰበራል።

— ይሰበር። ሽቦውን አቃንቶ መሥራት ነው ያልሽው አንቺው አይደለሽም?

— አልኩ፤ ስለ ልጆቹ ነበር እንጂ። አሁንም ግን አልተዋጠልኝም። ዕቃ ቢያዩም የሚፈልጉትን ነው የሚያዩት። ያንን ጋሪ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠው «ቆንጆ ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ይቀመጥ» ቢሉህስ?

— ያኔ ይዤው እወጣለሁ።

— አትወጣም። ደስ ይልሃል፤ አብረህ ፎቶ ትነሳለህ።

— እሱን ያን ቀን እናያለን። ለጊዜው ግን የምለው አለኝ፤ ጓሮው ውስጥ ወይም ሰፈሩ ጥግ አሮጌ የእንጨት ጋሪ የቆመለት ሰው ለማገዶ ከመፍለጡ በፊት ሜትር ይዞ ይለካው። የዘንጉን ቦታ፣ የእጀታውን ከፍታና የእግሩን አያያዝ ደብተር ላይ ይጻፈው። ሞዴል መሥራት ባይችል ሌላ ሰው ይሠራዋል።

— የኔም ይጨመርበት። ጋሪው ገና እየሠራ ከሆነ፣ ለኪው መጀመሪያ የባለጋሪውን የዕለት ገቢ ይክፈል፤ ከዚያ ጭነቱን አብሮ ያውርድ፣ ለክቶም ሲጨርስ አብሮ ይጫን።